መኪናው ይነሳና ወዲያው ይጠፋል? ዕቃ ከመቀየራችሁ በፊት ሰከንዱን ቁጠሩ

ቁልፉን ታዞራላችሁ፣ ሞተሩ ይነሳል። እፎይ ሳትሉ ቀጥ ይላል። ደግማችሁ ታስነሳላችሁ፣ ደግሞ ቀጥ። አራተኛው ሙከራ ላይ ባትሪው መድከም ይጀምራል። አንዱ መጥቶ «ፓምፑ ነው» ይላል። ሌላው «ካርብሬተሩን አስጠርጉት» ይላል። ሦስተኛው ካንዴላ እንድትቀይሩ ይመክራል። ሁሉንም ቀይራችሁም መኪናው እዚያው ሊቆም ይችላል።

እኔ ላይ የደረሰው ይሄ ነው። ኮሮላ ዲኤክሴ ይነሳና ይጠፋ ነበር። ጋራዥ ወሰድኩት፣ የቤንዚን ፓምፑ ተቀየረ፣ ካርብሬተሩ ሁለት ጊዜ ተፈታ፣ ለውጥ የለም። በመጨረሻ የተገኘው ጥፋት ከቦቢናው (ለካንዴላው ብልጭታ የሚፈጥረው ዕቃ) ጎን የታሰረች፣ ኤሌክትሪክ የምትቀንስ አንዲት ትንሽ የሸክላ ሬዚስተር ነበረች። ሞተሩ ስንት ሰከንድ ሠርቶ እንደሚጠፋ ማንም አልጠየቀኝም። ቢጠይቁኝ ኖሮ በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር።

መመሪያው በዋናነት ካርብሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ዕቃ) ላላቸው አሮጌ የቤንዚን መኪኖች ነው። ምሳሌዬ የማውቃት ኮሮላ ዲኤክስ ናት፣ 4ኬ ሞተር ያላት። ኢንጄክሽን (በካርብሬተር ፈንታ በኮምፒውተር የሚታዘዝ የቤንዚን መርጫ) ላላቸው አሮጌ ቶዮታዎች ደረጃ 7ን ጨምሬያለሁ። የናፍጣ መኪና መንገዱ ሌላ ነው፣ በዚህ አትሞክሩት።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ቴስተር (ቮልትና ኦም መለኪያ)። ከሌላችሁ ባለ 12 ቮልት ትንሽ አምፖል ሁለት ሽቦ አስራችሁ ተጠቀሙ፣ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል።
- ጫፎቹ ላይ መቆንጠጫ ያለው አንድ ሜትር ያህል ሽቦ።
- ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ 10 እና 12 ቁጥር መፍቻ።
- ውኃ የነበረበት ባዶ ሃይላንድና ግማሽ ሜትር የቤንዚን ጎማ ቱቦ።
- ቁልፍ የሚያዞርላችሁ ሰው። ይሄን አትዝለሉት። ብቻችሁን በኮፈኑና በመሪው መካከል እየተሯሯጣችሁ ሰከንድ መቁጠር አትችሉም።
- ወረቀትና እስክሪብቶ።

ጥንቃቄ

ማርሹን ዜሮ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አስገቡ። ሥራው ደጅ ይሁን። በር የተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ማስነሳት ይገድላል፣ የጭሱ መርዝ ሽታ የለውም። አጠገባችሁ ሲጋራም ከሰልም አይኑር።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ሞተሩ እየዞረ ካርብሬተሩ አፍ ላይ ቤንዚን አታፍስሱ። ብዙ ሰው ያደርገዋል፣ ብዙ ጊዜም ምንም አይሆንም። ሞተሩ ወደ ኋላ የተፋ ቀን ግን እሳቱ የሚወጣው እናንተ በያዛችሁት ጠርሙስ ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ ሰከንዱን ቁጠሩ

ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን። ቢቻል ጠዋት ይሁን፣ ሌሊቱን ካደረ በኋላ።

1. ሌላው ሰው ቁልፉን ያዙር። ነዳጅ መስጫውን አይንካ።
2. ሞተሩ ከተነሳበት ቅጽበት ጀምራችሁ ጮክ ብላችሁ ቁጠሩ።
3. ሲጠፋ እንዴት እንደጠፋ ጻፉ። መብራት እንደጠፋ ድንገት ነው ወይስ እየተንቀጠቀጠ፣ እየደከመ?
4. አንድ ደቂቃ ጠብቃችሁ ድገሙ። ሦስት ጊዜ። ሦስተኛው ላይ ትንሽ ነዳጅ ይስጥና ልዩነት ካለ ጻፉ።

ደረጃ 2ን ከጨረሳችሁ በኋላ በጻፋችሁት መሠረት ሂዱ፦

- ቁልፉ ከስታርት ሲለቀቅ በዚያው ቅጽበት ከጠፋ፦ ኤሌክትሪክ ነው። ደረጃ 3።
- ከጥቂት ሰከንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ሠርቶ እየደከመ ከጠፋ፣ ነዳጅ ስትሰጡት ደግሞ ከባሰበት፦ ቤንዚን እየደረሰው አይደለም። ደረጃ 4።
- ነዳጅ ስትሰጡት በደንብ ሠርቶ እግር ሲነሳ ከጠፋ፦ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ነው። ደረጃ 5።
- ከሞቀ በኋላ ብቻ ከጠፋ፦ ደረጃ 6።

ሦስቱ ሙከራዎች የተለያየ መልስ ከሰጧችሁ አትናደዱ። እንዲህ የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ የላላ ሽቦ ነው፣ እሱም ቀጥሎ ያለው ደረጃ ላይ ይያዛል።

ደረጃ 2፦ አምስት ደቂቃ የማይፈጁ ነገሮች

ባትሪውን ለኩ። ሞተሩ ጠፍቶ 12.4 ቮልትና ከዚያ በላይ ይሁን። ከ12 በታች ከሆነ መጀመሪያ አስሞሉት፣ በደከመ ባትሪ የሚገኝ ውጤት ሁሉ ያሳስታል። የባትሪውን ጫፎች በእጅ ነቅንቁ፣ ከተንቀሳቀሱ ፈትታችሁ አጽድታችሁ አጥብቁ። ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የማሳ (ኔጋቲቭ) ሽቦም እንዲሁ።

የቤንዚን መለኪያውን አትመኑት። አሮጌ መኪና ላይ ሩብ እያሳየ ታንኩ ባዶ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሦስት ሊትር ጨምሩና እንደገና ሞክሩ። የአየር ፊልትሮው በአቧራ ተደፍኖ ከሆነ አውጥታችሁ ያለ እሱ ለአንድ ሙከራ ብቻ አስነሱ።

ደረጃ 3፦ ቁልፉን ስትለቁ የሚጠፋ

መጀመሪያ ምን እንደሚፈጠር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይሄን ያልገባው ሰው ፓምፕ ሲቀይር ይከርማል። በእነዚህ መኪኖች ላይ ቦቢናው ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በሁለት መንገድ ነው። ሞተሪኖው (ማስነሻ ሞተሩ) ሲዞር ከባትሪው በቀጥታ ይሄዳል፣ ብልጭታው እንዲጠነክር። ቁልፉን ስትለቁት ግን ያ መንገድ ይዘጋና ኤሌክትሪኩ በሬዚስተሩ በኩል ተቀንሶ ይመጣል። ሬዚስተሩ ከተቃጠለ ሁለተኛው መንገድ የለም። ስለዚህ ሞተሩ በስታርት ይነሳል፣ ቁልፉ ሲመለስ ይሞታል። የቁልፉ ቤት ውስጥ የኦን መገናኛው ካለቀም እንዲሁ ነው የሚሆነው።

1. ቁልፉ ጠፍቶ ሬዚስተሩን ፈልጉ። ከቦቢናው ጎን ወይም ከማሰሪያው ጋር ያለ ነጭ የሸክላ ነገር ነው፣ ሁለት ሽቦ አለው። አንዱ ከቁልፍ ይመጣል፣ ሌላው ወደ ቦቢናው ፖዘቲቭ ይሄዳል።
2. ቁልፉን ኦን ላይ አድርጉ፣ አታስነሱ። የአምፖሉን አንድ ሽቦ ማሳ ላይ አድርጉ።
3. ሌላውን ሽቦ ከቁልፍ በሚመጣው ጫፍ ላይ ንኩ። ካልበራ ጥፋቱ ሬዚስተሩ አይደለም፣ ወደ ኋላ ነው፦ የቁልፍ ቤቱ ወይም በመካከል ያለ ሶኬት። አምፖሉን እንደያዛችሁ ቁልፉን በቀስታ ነቅንቁት። ብልጭ ድርግም ካለ የቁልፍ ቤቱ አልቋል።
4. ከበራ ወደ ቦቢናው በሚሄደው ጫፍ ላይ ንኩ። ደምቆም ሆነ ደብዝዞ ከበራ ሬዚስተሩ ያስተላልፋል ማለት ነው። ጭራሽ ካልበራ ተቃጥሏል።
5. ቁልፉን አጥፉ። ፖይንት (የቦቢናውን ኤሌክትሪክ የሚያገናኝና የሚያቋርጥ) ባለው ዲስትሪቢዩተር (ብልጭታውን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው) ላይ ቁልፍ ኦን ሆኖ ረጅም ጊዜ ከቆየ ቦቢናው ይግላል፣ ሊበላሽም ይችላል። ልኬታችሁ ከአንድ ደቂቃ አይለፍ።

ማረጋገጫ፦ በመቆንጠጫ ሽቦው የባትሪውን ፖዘቲቭ ከቦቢናው ፖዘቲቭ ጋር አገናኙና አስነሱ። ሳይጠፋ ከቀጠለ ጥፋቱን አግኝታችሁታል። ልብ በሉ፣ እንዲህ ሆኖ ቁልፉን ብታጠፉም ሞተሩ አይጠፋም፣ ሽቦውን መንቀል አለባችሁ። ሽቦው ደግሞ ስህተት ጫፍ ላይ ከገባ ወይም ብረት ከነካ ይቃጠላል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ቦቢናው ላይ፣ መጨረሻ ባትሪው ላይ ቆንጥጡ። ስትነቅሉ በተቃራኒው።

በዚህ ሽቦ መኪናውን አትንዱት። «ለዛሬ ያድርሰኝ» ብለው በዚያው ወር ሙሉ የነዱ ሰዎች አውቃለሁ። ፖይንቱ ይቃጠላል፣ ቀጥሎ ቦቢናው ይሄዳል።

ዕቃ ስትገዙ፦ የመኪና ዕቃ መሸጫው ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ስትሄዱ አሮጌውን ሬዚስተር ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ «ሬዚስተር የማይፈልግ ቦቢና ውሰድና ገላገል በል» ካላችሁ ሊሠራ ይችላል፣ ግን በሁለቱ መካከል አትደባልቁ። የሬዚስተር ቦቢና በሁለቱ ቀጭን ጫፎቹ መካከል ሲለካ 1.5 ኦም ገደማ ነው፣ ያለ ሬዚስተር የሚሠራው 3 ኦም ገደማ። ባለ 1.5ቱን ያለ ሬዚስተር ካሰራችሁት ፖይንት ይበላል። ባለ 3ቱን ከሬዚስተር ጋር ካሰራችሁት ብልጭታው ደካማ ይሆንና ጠዋት ጠዋት ያስቸግራችኋል።

ደረጃ 4፦ ትንሽ ሠርቶ እየደከመ የሚጠፋ

ካርብሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚጠራቀምበት ጎድጓዳ አለ። ሙሉ ከሆነ ከታንኩ ምንም ባይመጣ እንኳ ሞተሩን በሚኒሞ ከአንድ ደቂቃ በላይ ሊያሠራው ይችላል። ብዙዎችን የሚሸውዳቸው ይሄ ነው። «ተነስቷልኮ፣ ቤንዚን አለ» ይላሉ። ያለው የትናንቱ ቤንዚን ነው።

1. በታንኩ ክዳን ጀምሩ። ክዳኑን ከፍታችሁ አስነሱ። ሲከፈት አየር ሲስብ ከተሰማና ሞተሩ ሳይጠፋ ከቀጠለ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል። ክዳኑን ቀይሩ።
2. የካርብሬተሩን መስታወት ተመልከቱ። ዲኤክስ ላይ ጎድጓዳው ፊት ትንሽ መስታወት አለች። በእጅ ባትሪ አብሩባት። ቤንዚኑ መካከል ላይ ካለው ምልክት አካባቢ መሆን አለበት። ሌላው ሰው ሲያስነሳ አትንቀሉ ዓይናችሁን፦ እየወረደ ሄዶ ባዶ ሲሆን ሞተሩ ከጠፋ፣ ቤንዚን አይመጣም። ቦታው ላይ ቆሞ ሞተሩ ከጠፋ ግን መስመሩ ጤነኛ ነው፣ ወደ ደረጃ 5 ሂዱ።
3. ትንሿን የቤንዚን ፊልትሮ ቀይሩ። ቀስቷ ወደ ካርብሬተሩ ይመልከት። ዋጋዋ ትንሽ ስለሆነ ለመመርመር ጊዜ አታባክኑ።
4. ፓምፑን ሞክሩ። የቦቢናውን ፖዘቲቭ ቀጭን ሽቦ ንቀሉ፣ ሞተሩ እንዳይነሳ። ጫፉን ምንም ብረት እንዳይነካ በፕላስተር ጠቅልሉት። ካርብሬተሩ ላይ የሚገባውን ቱቦ ነቅላችሁ ሃይላንዱ ውስጥ አስገቡ። ሌላው ሰው ለ10 ሰከንድ ያህል ሞተሪኖውን ያዙር። ቤንዚኑ ትር ትር እያለ በጉልበት መምጣት አለበት። ከ10 ሰከንድ አትለፉ፣ ሞተሪኖው ይረፍ።
5. ሃይላንዱን ለአሥር ደቂቃ አስቀምጡት። ውኃ ካለ ከሥር ይተኛል፣ በመካከሉ መስመር ታያላችሁ። በጀሪካን የተቀዳ ቤንዚን ስታስገቡ ይሄ በጣም ያጋጥማል። ውኃ ካያችሁ ታንኩን ከሥር አስወርዳችሁ ሳታጥቡ ሌላ ነገር አትቀይሩ።

ፓምፑ ካልሰጠስ? ወዲያው አትቀይሩት። መጀመሪያ ከፓምፑ ወደ ታንኩ ያሉትን ጎማ ቱቦዎች አጠፍ አጠፍ እያደረጋችሁ እዩ። የተሰነጠቀ ቱቦ በፓምፑ መሳቢያ በኩል ከሆነ ቤንዚን አያፈስም፣ አየር ነው የሚስበው። ስለዚህ ከውጭ ደረቅ ሆኖ ያታልላል። ከዚያ የታንኩን ክዳን ከፍታችሁ ከፓምፑ በፊት ያለውን ቱቦ ንቀሉና በጎማ መንፊያ ወደ ታንኩ ንፉ። ታንኩ ውስጥ ጉልጉል የሚል ድምፅ ከተሰማ መስመሩ ክፍት ነው። ካልተሰማና መንፊያው ከከበዳችሁ መስመሩ ወይም ታንኩ ውስጥ ያለው ወንፊት ተደፍኗል። በአፋችሁ አትሳቡ፣ ሳንባ ውስጥ የገባ ቤንዚን ሆስፒታል ያስተኛል። ይሄ ሁሉ ደህና ሆኖ ካልሰጠ ያን ጊዜ ፓምፑ ነው።

ፓምፑ በደንብ እየሰጠ መስታወቷ ባዶ ከሆነችስ? ካርብሬተሩ መግቢያ ላይ ያለችው መርፌ ተጣብቃለች። መግቢያው አካባቢ በካቻቢቴ እጀታ ቀስ ብላችሁ ሁለት ሦስቴ መታ መታ አድርጉ። ከሞላ ታወቀ፣ ግን ነገ ይደገማልና ላይኛው ክዳን ተከፍቶ መርፌዋ ትጸዳ።

ደረጃ 5፦ ነዳጅ ስትሰጡት የሚሠራ፣ ስትለቁት የሚጠፋ

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ብዙ ካርብሬተር የሚበላሸው በዚህ ደረጃ ላይ ነው፣ ያገኙትን ብሎን ሁሉ በማዞር።

1. ሶሌኖይዱን ስሙ። ካርብሬተሩ ላይ ሽቦ ያለው፣ አውራ ጣት የሚያህል ሲሊንደር አለ። ቁልፉን ኦን አድርጋችሁ ሽቦውን ነቅላችሁ መልሳችሁ ንኩት። ጠቅ ማለት አለበት። ጠቅ ካላለ ሽቦው ላይ 12 ቮልት መኖሩን አረጋግጡ። ቮልት ካለ ሶሌኖይዱ ሞቷል፣ ከሌለ ሽቦውን ተከተሉት። አንዳንድ መካኒክ የውስጡን መርፌ ቆርጦ ይጥለዋል። መኪናው ይሠራል፣ ግን ቁልፍ ስታጠፉ ሞተሩ እየተንተፋተፈ አልጠፋም ይላል። አትስማሙ።
2. አየር የሚገባበት ስንጥቅ ፈልጉ። ሞተሩን ትንሽ ነዳጅ እየሰጣችሁ አቆዩት። ከማኒፎልዱ (ከካርብሬተሩ ወደ ሞተሩ ከሚያስገባው መስመር) የሚወጡትን ጎማ ቱቦዎች አንድ በአንድ በፒንሳ ቆንጥጡ፣ የፍሬን ሰርቮውን ወፍራም ቱቦ ጨምሮ። አንዱን ስትቆነጥጡ ሞተሩ ከተስተካከለ ጥፋቱ በዚያ መስመር ነው። ከዚያ ካርብሬተሩ ሥር ባለው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ዙሪያ ውኃ በመርጫ ትንሽ ትንሽ ርጩ። ድምፁ የሚቀየርበት ቦታ አየር ይገባል። ለዚህ ቤንዚን አትርጩ፣ ማርሚታው የሚጀምረው እዚያው ሥር ነው፣ ይግላል። ውኃውንም ዲስትሪቢዩተሩ ላይ አታድርሱት።
3. ቾኩን እዩ። የአየር ፊልትሮውን ክዳን አንሱ። ቾኩ ሲሳብ ክንፏ መዘጋት፣ ሲመለስ ቀጥ ብላ መከፈት አለባት። በአዲስ አበባ ብርድ ጠዋት ካልተዘጋች ሞተሩ ተነስቶ ይጠፋል። ተዘግታ ከቀረች ጥቁር ጭስ ያወጣና ይታፈናል። ገመዷ ዝጎ ከሆነ ዘይት ጠብ አድርጉላት።
4. ሁሉም ደህና ከሆነ የሚኒሞው ቀጭን ቀዳዳ ተደፍኗል። በካርብሬተር ማጽጃና በአየር ግፊት ይጽዳ። ሽቦ ወይም መርፌ አታስገቡበት። ቀዳዳው በጥቂቱ ከሰፋ እንኳ ቤንዚን ይበላል፣ አይመለስም።

የቤንዚንና አየር ማስተካከያውን ብሎን ከመንካታችሁ በፊት ስንት ዙር እንደተከፈተ እወቁ። በቀስታ እየዘጋችሁ ዙሩን ቁጠሩ፣ ጻፉ፣ መልሱት። ሲዘጋ አታጥብቁት፣ ጫፉ ይጎዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ቆላ ላይ ተስተካክሎ የመጣ መኪና እዚህ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ሚኒሞውም ይንቀጠቀጣል። እንዲህ ከሆነ ሩብ ዙር ብቻ ዝጉና እዩ።

ደረጃ 6፦ ሲሞቅ የሚጠፋ

አስነሱና እስኪጠፋ ጠብቁ። በጠፋ ቅጽበት ሁለት ነገር ፈትሹ፦ መስታወቷ ላይ ቤንዚን አለ? ካንዴላው ብልጭታ አለው? ብልጭታ ከሌለውና ከ20 ደቂቃ በኋላ ሲበርድ ከተመለሰ ቦቢናው ወይም የዲስትሪቢዩተሩ ኮንደንሰር ነው። ከዚሁ ጋር የፖይንቱን ክፍተት 0.45 ሚሊ ሜትር፣ የካንዴላውን 0.8 አድርጉት።

ደረጃ 7፦ ኢንጄክሽን ላላቸው አሮጌ ቶዮታዎች

ዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ወይም የመኪና ምልክት ያለው የሌባ መከላከያ መብራት፣ ቁልፉ ኦን ላይ እያለ ሞተሩ በራሱ ሲጠፋ፣ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ካለ ኮምፒውተሩ ቁልፉን አላወቀውም። ሌላ ቁልፍ ካላችሁ ሞክሩ። ቁልፉ ላይ ሌላ ቺፕ ያለው ቁልፍ አብሮ ካሰራችሁ ለዩት።

መብራት ከሌለ ከአየር ፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ወፍራም ጎማ እጥፋቱን ዘርግታችሁ እዩ። መሰንጠቅ እዚያ ውስጥ ይደበቃል።

እንደ ሃይሉክስ 22አር-ኢ ያለ፣ ክንፍ ያለው አየር መለኪያ ያለበት ሞተር ከሆነ ደግሞ አንድ ጥሩ ሙከራ አለ። ቁልፉን ኦን አድርጉ፣ ፊልትሮውን አንስታችሁ ክንፉን በጣት ግፉ። የቤንዚን ፓምፑ መጮህ አለበት። በስታርት ጊዜ ፓምፑ በሌላ መንገድ ስለሚነሳ፣ ክንፉ ውስጥ ያለው መገናኛ ከሞተ መኪናው ተነስቶ ቁልፍ ሲለቀቅ ይጠፋል። ለማረጋገጥ ኮፈን ሥር ያለውን የምርመራ ሳጥን ከፍታችሁ ኤፍፒ እና ፕላስ ቢ የተጻፈባቸውን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኙ። ክዳኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አንብቡ፣ ሌላ ቀዳዳ ከነካችሁ ኮምፒውተሩን ልታቃጥሉ ትችላላችሁ። ሞተሩ አሁን ካልጠፋ ፓምፑ ጤነኛ ነው፣ ጥፋቱ መገናኛው ወይም ሪሌው ነው።

ሁሉን ሞክራችሁ እንቢ ካለ

መካኒክ ጋ ስትሄዱ ወረቀቱን ይዛችሁ ሂዱ። «ይነሳና ይጠፋል» አትበሉ። «ቁልፍ ሲለቀቅ ይጠፋል፣ ቦቢና ላይ ቮልት አለ፣ ፓምፑ ይሰጣል» በሉ። ያ አረፍተ ነገር የሁለት ቀን ሥራ ይቀንሳል። ሳይለካ ዕቃ ልቀይር ካለ መጀመሪያ እንዲለካ ጠይቁት።

ከጠገናችሁ በኋላ

መኪናው ሌሊቱን ይደር። ጠዋት እንደ መጀመሪያው ቀን ሌላ ሰው ያስነሳ፣ እናንተ ቁጠሩ፣ እስከ 60። ሦስት ጊዜ። ከዚያ የፈታችሁትን የቤንዚን ቱቦ ማጥበቂያ ሁሉ ሞተሩ እየሠራ በጣታችሁ ዳስሱ። እርጥበት ያለበት ካለ ሞተሩን አጥፉና ከመንዳታችሁ በፊት አጥብቁት።